የጡት ስቴም ሴል፣ የጡት ካንሰርና መከላከያው፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስለ ጡት ካንሰር ወሬ ሲነሳ ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱ ከጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ የሚሰማ ነው። አንዳንዱ ከቡና ላይ ይመጣል። «ስቴም ሴል» የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ስልኳ ላይ አንብባ፣ ለእናቷ የምታመጣው ነው። መልሶቹ የሐኪም ምርመራን አይተኩም። አሁን ጡታችሁ ላይ እብጠት ያለባችሁ ካላችሁ የስቴም ሴሉን ነገር ዝለሉትና በቀጥታ ወደ ታች ውረዱ፤ «ጡቴ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር» ከሚለው ጀምሩ።

ለመሆኑ ስቴም ሴል ምንድን ነው? ጡት ውስጥስ ምን ይሠራል?

ሰውነታችን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሴሎች ሥራቸው የተቆረጠ ነው። የቆዳ ሴል ቆዳ ነው፣ የጡንቻ ሴል ጡንቻ ነው። ሠርተው፣ አርጅተው ይሞታሉ። ስቴም ሴል ግን ገና ሥራ ያልተመደበለት ነው። ሲከፈል ራሱን የሚተካ አንድ ሴል ያስቀራል፤ ሌላውን ሥራ ይዞ እንዲያድግ ይልከዋል።

ጡት ደግሞ ከሌላው የሰውነት ክፍል ለየት ይላል። ልብም ኩላሊትም ስንወለድ ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። ሴት ልጅ ስትወለድ ግን ጡቷ ውስጥ ያለው ጥቂት ቀጫጭን ቱቦ ብቻ ነው። ጉርምስና ሲመጣ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ቱቦዎቹን ያረዝማቸዋል፣ ቅርንጫፍም ያወጣሉ። ከዚያ በየወሩ ከወር አበባ ጋር ትንሽ ያድጋል፣ መልሶ ይቀንሳል። እርግዝና ሲመጣ በየቱቦው ጫፍ ወተት የሚያመርቱ ትናንሽ ከረጢቶች ይበቅላሉ። ልጁ ጡት ሲጥል አብዛኞቹ ይሞታሉ። ቀጣዩ እርግዝና ሲመጣ ደግሞ እንደገና ይሠራሉ። አምስት ስድስት ልጅ ወልዳ ያሳደገች የቃሉ ወይም የተሁለደሬ እናት ጡቷ ይህን ያህል ጊዜ ፈርሶ ተገንብቷል ማለት ነው። ግንበኞቹ ስቴም ሴሎቹና ከእነሱ የሚወጡት ሴሎች ናቸው።

አንዷን ከረጢት በማይክሮስኮፕ ብታዩ ሁለት ረድፍ ሴል ታያላችሁ። የውስጠኛው ወተት ያመርታል። የውጪው ቀጠን ያለ ነው፤ ይኮማተርና ከረጢቱን ጨምቆ ወተቱን ወደ ቱቦ ይገፋዋል። እናት ልጇ ሲያለቅስ ሰምታ፣ ገና ሳታጠባው ልብሷ የሚረጥበው ይኼኛው ረድፍ ስለተኮማተረ ነው። ሁለቱም ረድፎች መነሻቸው ስቴም ሴል ነው።

እንዲህ ዓይነት ሴል መኖሩ በምን ታወቀ?

በአይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲኦም የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከአንዲት አይጥ ጡት ቁራሽ ወስደው፣ የጡት እጢዋ ለተወገደላት ሌላ አይጥ ተከሉላት። ቁራሹ አድጎ ቦታውን ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ አውስትራሊያ ሜልበርን፣ ሌላው ካናዳ ቫንኩቨር፣ ከዚያ አልፈው ሄዱ። አንዲት ነጠላ ሴል ብቻ ተከሉ። ከአንዷ ሴል ሙሉ ጡት በቀለ።

በሰው ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ አይደረግምና ማስረጃው በአብዛኛው ከላብራቶሪ ነው። የብራሰልስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሥራ፣ አይጧ ካደገች በኋላ ሁለቱ የሴል ረድፎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሴሎች ነው የሚታደሱት ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። ስለዚህ ሁሉ ነገር ተፈትቶ እንዳለቀ አድርጎ የሚያወራችሁ ሰው ካለ ትንሽ ጠርጥሩት።

ታዲያ ካንሰሩ የሚነሳው ከዚሁ ሴል ነው?

ከእሱ ወይም ከእሱ በቅርቡ ከወጡት ሴሎች እንደሚነሳ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አለ።

ካንሰር በአንድ ቀን አይመጣም። ሴሉ ውስጥ ባለው ጂን ላይ አንድ ጉዳት ይደርሳል። ቆይቶ ሌላ ይጨመራል፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ። ይህ ሁሉ አንድ ሴል ላይ እስኪጠራቀም ድረስ ሴሉ በሕይወት መቆየት አለበት። ወተት አምራቹ ሴል ልጁ ጡት ሲጥል ጉዳቱን እንደያዘ ይሞታል። ስቴም ሴል ግን ለብዙ ዓመት ይኖራል። በ15 ዓመቷ የደረሰበትን ጉዳት በ45 ዓመቷም ይዞት ሊገኝ ይችላል፤ በተከፈለ ቁጥር ደግሞ ያወርሰዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ያልጠበቁት ነገር ተገኘ። ብራካ 1 የሚባል ጂን አለ፤ የሚሠራው የተጎዳ ዘረመልን መጠገን ነው። ይህ ጂን ተበላሽቶ የወረሳቸው ሴቶች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍተኛ ነው። ሁሉም ጣቱን ስቴም ሴሉ ላይ ቀስሮ ነበር። የሜልበርን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የነዚህን ሴቶች የጡት ሴል ሲመረምሩ ግን ከመስመር የወጣው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ሴል ሆኖ ተገኘ። ከስቴም ሴል የወጣ፣ ወተት አምራች ለመሆን መንገድ የጀመረ፣ ግን ገና ያልደረሰ ሴል ነው። የጡት ካንሰር አንድ ዓይነት በሽታ ያልሆነውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ከየትኛው ሴል እንደተነሳ ጠባዩን ይለውጠዋል።

«የካንሰር ስቴም ሴል» ሲባልስ? ዳነች ከተባለ በኋላ ለምን ይመለሳል?

ይኼ ሌላ ነገር ነው፤ ከላይኛው ጋር አታምታቱት። ላይኛው ካንሰሩ ከየት ጀመረ የሚል ነው። ይኼኛው ደግሞ ካንሰሩ ከተፈጠረ በኋላ ማን ያቆየዋል የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሴቶች የጡት ካንሰር ሴሎችን ወስደው በዓይነት ለዩዋቸውና አይጥ ላይ ተከሏቸው። ከአንደኛው ዓይነት 100 ያህል ሴል ብቻ ተተክሎ ዕጢ አበቀለ። ከሌላው ዓይነት አሥር ሺዎች ተተክለው ምንም አልወጣም። ዕጢው ውስጥ ያሉት ሁሉ እኩል አደገኛ አይደሉም ማለት ነው። ዕጢውን እንደ አዲስ መጀመር የሚችሉት ጥቂቶቹ ናቸው።

ጦሳ ግርጌ ባሕር ዛፍ ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዛፉን ብትጥሉትም ጉቶው ካልተነቀለ ክረምት ጠብቆ አምስት ስድስት ሆኖ ይበቅላል። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት የሚያጠቃው በተለይ በፍጥነት የሚከፈሉ ሴሎችን ነው። ቀስ ብለው የሚከፈሉት፣ አንቀላፍተው የተቀመጡት፣ ሊያመልጡት ይችላሉ። ሐኪሙ ዕጢው ወጥቷል ካለ በኋላ እንደ ታሞክሲፌን ያለውን ኪኒን አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም አሥር ዓመት ዋጪ የሚለው ተደብቆ የቀረ ካለ እንዳያቆጠቁጥ ነው። «ድኛለሁ» ብሎ በስምንተኛው ወር ማቆም እዚህ ከተማ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነገር ነው። ያሳዝናል።

ሆርሞን እዚህ ውስጥ ምን ያገባዋል?

ብዙ ያገባዋል። የሚገርመው ግን ስቴም ሴሉ ራሱ የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን መቀበያ የለውም። መልእክቱ የሚደርሰው ለጎረቤቱ ነው። ጎረቤት ሴል ሆርሞኑን ይቀበልና «ራንክ ሊጋንድ» የሚባል ፕሮቲን ይለቃል፤ ስቴም ሴሉ እሱን ሰምቶ መከፈል ይጀምራል። የሜልበርኖቹ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት ነፍሰ ጡር አይጥ ላይ የስቴም ሴሉ ቁጥር እስከ 11 እጥፍ ይጨምራል። እንቁላል ማምረቻዋ ሲወጣ ደግሞ ሴሎቹ ይቀዘቅዛሉ።

ለዚህ ነው የወር አበባ በልጅነቷ የጀመራትና ዘግይቶ የቆመላት ሴት አደጋዋ ከፍ የሚለው። ስቴም ሴሎቿ በየወሩ የሚቀሰቀሱባቸው ዓመታት ይበዛሉ።

በልጅነት የሆነ ነገር ለምን ይህን ያህል ይወራል? ካንሰሩ የትልልቆች አይደል?

የሚታየው በትልልቆቹ ላይ ነው፤ መነሻው ግን ወደ ኋላ ይርቃል። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ ሲጣል ከጨረሩ የተረፉ ሴቶች ለአሥርት ዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። በጡት ካንሰር ይበልጥ የተጎዱት በዚያን ጊዜ ከ20 ዓመት በታች የነበሩት ናቸው። አርባን ያለፉት ላይ የታየው ጭማሪ ትንሽ ነው። ጨረሩ አንድ ነው፤ የተለየው የጡቱ ዕድሜ ነው። ልጃገረድ ጡት ገና በግንባታ ላይ ስለሆነ ስቴም ሴሎቹ ንቁ ናቸው።

ግሪካዊው ዲሚትሪዮስ ትሪኮፑሎስ እ.ኤ.አ. በ1990 ከዚህም ወደ ኋላ ሄዶ፣ ነገሩ ማህፀን ውስጥ ሊጀምር ይችላል የሚል መላምት አቅርቧል። ፅንሱ የሚያገኘው የሆርሞን መጠን ልጅቷ ይዛ የምትወለደውን የስቴም ሴል ብዛት ይወስናል ባይ ነው። መላምት ነው፤ ተረጋግጦ ያለቀ አይደለም። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ምርምር ለወሎ እናት ትልቁ ፍሬ ይኼ ይመስለኛል፦ መከላከል የሚጀምረው በ45 ዓመት ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ላይ ሳይሆን ሆጤ ሜዳ ላይ ኳስ ከምትራገጠዋ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ይህቺ ልጅ ስትሮጥ፣ ከመጠን በላይ ሳትወፍር ስታድግ፣ መጠጥ ሳትለምድ ስትቀር፣ ያለ ምክንያት ደረቷ በራጅ ሳይደጋገም ሲቀር ነው። አስፈላጊ ሲሆን የሚታዘዝ አንድ የደረት ራጅ ግን የሚያስፈራ አይደለም፤ ጨረሩ በጣም ትንሽ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ተጠርጥሮ የታዘዘላችሁን አትሽሹት።

ማጥባት ይከላከላል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከዚህ ገጽ ውስጥ እጅግ በእርግጠኝነት የምነግራችሁም ይኼንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ30 አገሮች የ47 ጥናቶች መረጃ ተሰብስቦ ታየ። ካንሰር የያዛቸው 50 ሺህ ገደማ፣ ያልያዛቸው 97 ሺህ ገደማ ሴቶች ነበሩበት። አንዲት ሴት ባጠባች በየ12 ወሩ አደጋዋ በ4.3 በመቶ ይቀንሳል። ይኼ በእያንዳንዱ ወሊድ ከሚቀንሰው 7 በመቶ በተጨማሪ ነው።

ለምን? ሲያጠቡ የጡት ሴሎች ሥራ ይዘው ይበስላሉ፤ የበሰለ ሴል ደግሞ በቀላሉ አይበላሽም። የወር አበባም ስለሚዘገይ የሆርሞኑ ቅስቀሳ ለወራት ጋብ ይላል። ልጁ ጡት ሲጥል ደግሞ ጉዳት የደረሰባቸው ሴሎች ከሌሎቹ ጋር ይወገዳሉ ተብሎ ይታሰባል።

ወሎ ላይ ሁለት ዓመት ማጥባት አዲስ ነገር አይደለም። ቁርአንም ሁለት ዓመት ሙሉ ይላል፤ የክርስቲያን ቤት አያቶችም ከዚያ በታች ሲሆን ያኮርፋሉ። ችግሩ ያለው አሁን ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ እናት የወሊድ ፈቃዷ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ጡጦ ይመጣል። ሥራ ከመግባታችሁ በፊት በንጹሕ እጅ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አልባችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ደሴ ብርዱ ያግዛል፤ አራት ሰዓት ያህል ፍሪጅ ሳያስፈልገው ይቆያል። ኮምቦልቻ ሙቀት ሲሆን ግን ቶሎ ማጠጣት ነው። ማታና ሌሊት ደግሞ ጡቱን ስጡት። በከፊል ማጥባትም ከመተው ይሻላል።

ማጥባት የቀነሰው አደጋን ነው እንጂ ዜሮ አላደረገውም። ስድስት ልጅ አጥብታ የታመመች ሴት አለች። «እኔ አጥብቻለሁ፣ አይነካኝም» ብሎ እብጠትን ችላ ማለት አይሠራም።

ቶሎ መውለድም ይከላከላል ይባላል። ልጄን ቶሎ ልዳራት?

አይሆንም። የመጀመሪያ ልጇን ከ20 ዓመቷ በፊት የወለደች ሴት ከሠላሳ በኋላ ከወለደችው ይልቅ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ዝቅ እንደሚል ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ይህን ይዞ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ማሞገስ ግን ነውር ነው። በ15 ዓመቷ የምትወልድ ልጅ የሚጠብቃት ፊስቱላ፣ ደም መፍሰስና ሞት ነው። ሕጉም 18 ዓመት ይላል። በዚያ ላይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የካንሰሩ አደጋ ለጊዜው ከፍ ይላል፤ ወደ ታች የሚወርደው ቆይቶ ነው። ሙሽሪት የካንሰር ክትባት አይደለችም።

ጥሩ ዜናው ተመራማሪዎች እርግዝናው ራሱ ስቴም ሴሎቹን ምን እንደሚያደርጋቸው አጥንተው፣ ያለ እርግዝና ያንኑ ጥቅም የሚሰጥ መድኃኒት እየፈለጉ መሆናቸው ነው።

ዲፖ እወጋለሁ፤ ክንዴ ላይም አስቀብሬ ነበር። ካንሰር ያመጣብኛል?

ይህንን ጤና ጣቢያ ላይ የምትጠይቅ ሴት ብዙ ናት፤ ጥያቄውም የሞኝ አይደለም። ፕሮጄስትሮን ስቴም ሴልን ይቀሰቅሳል ብለናል፤ ዲፖም ኢምፕላንቱም የእሱ ዘመድ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የዴንማርክ ጥናት 1.8 ሚሊዮን ሴቶችን ተከታትሏል። ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት ላይ አደጋው 20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ታየ። ሃያ በመቶ ሲባል ያስደነግጣል። በቁጥር ሲታይ ግን ለአንድ ዓመት ከሚጠቀሙ 7,690 ሴቶች ውስጥ አንዲት ተጨማሪ ታማሚ ማለት ነው። ከ35 ዓመት በታች ሲሆን ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ሲተዉት አደጋው እየቀነሰ ይሄዳል። በሌላ በኩል ያልታሰበ እርግዝናና ደህንነቱ ያልተጠበቀ ውርጃ እዚህ አገር የሚያደርሱትን ጉዳት ሁሉም ያውቀዋል።

እናት ወይም እህት በጡት ካንሰር ታማባችሁ ከሆነ ለባለሙያዋ ንገሯት፤ ሆርሞን የሌለው ሉፕ አለ። የጡት ካንሰር ኖሮባት የምታውቅ ሴት ሆርሞን ያለውን አትጠቀምም። ለሌላው ግን በዚህ ፍርሃት መርፌውን አቋርጡ አልልም።

ሰኞ ገበያ ስንውል ብሩን ጡት መያዣ ውስጥ ነው የምንይዘው። ስልክም እንደዚያው።

ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሌባ ግን ያያል።

ወንድስ ይይዘዋል?

ይይዘዋል፤ ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚ አንዱ ገደማ ወንድ ነው። ወንድ ጡቱ ላይ የወጣን እብጠት «የሴት በሽታ» ብሎ ስለሚያፍር ዘግይቶ ይመጣል።

በዘር ይወርዳል?

ከመቶ የጡት ካንሰር ከአምስት እስከ አሥሩ በዘር የሚወረስ ነው። ብራካ 1 ወይም ብራካ 2 ተበላሽቶ የወረሳት ሴት በዕድሜዋ የመያዝ ዕድሏ ከግማሽ በላይ ነው። እናት፣ አክስት፣ እህት ገና በሠላሳና በአርባዎቹ ከታመሙ፣ ወይም ቤተሰቡ ውስጥ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ካለ፣ ይህንን ለሐኪም በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። ከአባት ወገንም ይወረሳል፤ አብዛኛው ሰው የእናቱን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ለእነዚህ ሴቶች ነው የስቴም ሴሉ ምርምር ወደ መድኃኒት የተጠጋው። ቅድም ያልኩት ራንክ ሊጋንድ ትዝ ይበላችሁ። እሱን የሚያፍን «ዴኖሱማብ» የሚባል መርፌ ቀድሞም ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ ነበር። ብራካ 1 የተበላሸባቸው ሴቶች ላይ ካንሰሩን ይከላከል እንደሆነ በውጭ አገር በሰፊው እየተሞከረ ነው። ሙከራ ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ አትጠይቁ።

ቴሌግራም ላይ «የስቴም ሴል ኪኒን»፣ «የስቴም ሴል ክሬም» ይሸጣል። ጡት ካንሰርን ይከላከላል ወይ?

አይከላከልም። ጡት ውስጥ ያለውን ስቴም ሴል የሚያክም ወይም ካንሰር የሚከላከል የስቴም ሴል ክሬም የለም። ስሙ የተለጠፈው ዋጋውን ለማስወደድ ነው።

ስቴም ሴልና የጡት ካንሰር ሕክምና ሲጣመሩ ከዚህ በፊትም ብዙ ሰው ተጎድቷል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጣም ከባድ ኬሞ ሰጥቶ፣ ከዚያ የታማሚዋን የደም ስቴም ሴል መልሶ መስጠት ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ቨርነር ቤዝዎዳ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 ድንቅ ውጤት አገኘሁ አለ። በዓመቱ የሌላ አገር ባለሙያዎች ሄደው ሲያጣሩ ማጭበርበር ሆኖ ተገኘ፤ ከዩኒቨርሲቲውም ተባረረ። የቀሩት ጥናቶች ሲደመሩ ሕክምናው ከተለመደው እንደማይሻል ታወቀ። በዶክተር ስም የተሠራ ማጭበርበር ይህን ያህል ከሄደ የቴሌግራሙን አስቡት።

እኔ በራሴ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ከማጥባቱ ሌላ፣ መጠጥ ዋነኛው ነው። ቢራ፣ ጠላ፣ አረቄ ልዩነት የለውም፤ በቀን አንድ ብርጭቆም አደጋውን ከፍ ያደርጋል። ቃሪቦ ይሻላል። ካረጡ በኋላ ውፍረትን መቆጣጠር ሁለተኛው ነው፤ በዚያ ዕድሜ ኢስትሮጅን የሚመረተው በአብዛኛው ከስብ ነው። እንቅስቃሴ ደግሞ ደሴ ላይ በባጃጅ ካልተተካ በስተቀር ዳገቱ ራሱ ያሠራችኋል።

ጡቴ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘሁ። አያመኝም።

አለማመሙ አያዘናጋችሁ። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። በሌላ በኩል አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ በተለይ ወጣት ሴቶች ላይ የሚንሸራተት ክብ እብጠት ጤነኛ ዕጢ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን ግን በእጅ ዳብሶ የሚወስን ጎረቤት የለም።

ስትታጠቡ ሳሙና ያለበትን እጅ ተጠቀሙ። አንዱን ክንድ ወደ ላይ አንሱና በሌላው እጅ ሦስት ጣቶች ሆድ፣ በጫፋቸው ሳይሆን፣ ጡቱን ዙሪያውን እስከ ብብት ዳብሱት። መጀመሪያ ቀለል፣ ከዚያ ጫን አድርጋችሁ። የወር አበባ ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲሆን ጡት ስለሚለሰልስ ይቀላል። ጠንካራና የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተጎደጎደ ቆዳ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም፣ ብብት ውስጥ ያለ እብጠት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከዚያ ለደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍላችሁ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ተጠናቆ ምንነቱ እንዲታወቅ ይመክራል። ጤና መድን ካላችሁ ሪፈሩን ሳትይዙ አትሂዱ።

ለሚያጠቡ እናቶች አንድ ነገር ልጨምር። ጡት ሲቀላና ሲያብጥ «ብግንጅ ነው» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜም ነው። መድኃኒት ወስዳችሁ በሁለት ሳምንት ካልሄደ ግን ተመለሱ። ሁለተኛ መድኃኒት ብቻ ተቀብላችሁ አትውጡ፤ አልትራሳውንድ ጠይቁ።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» ይላሉ። መርፌውን ፈራሁ።

ይህ አባባል ወሎ ላይ ብቻ ሳይሆን በመላ አገሪቱ ሰው ገድሏል። ከየት እንደመጣ ግን መረዳት ይቻላል። ሰው ጠበልም ባሕላዊ መድኃኒትም ሞክሮ፣ ዓመት ቆይቶ፣ ቁስል ሲሆን ሆስፒታል ይሄዳል። ይወጋል ወይም ይቀደዳል። ቀድሞ ተሰራጭቶ ስለነበር ከጥቂት ወር በኋላ ያርፋል። ለቀስተኛው ያየው መጨረሻ ላይ ብረት እንደነካው ነው።

ናሙና የሚወሰድበት መርፌ ካንሰሩን አያሰራጭም። የሚያሰራጨው ጊዜ ነው። መርፌው ሳይገባ ደግሞ ዓይነቱ አይታወቅም፤ ዓይነቱ ሳይታወቅ መድኃኒቱ አይመረጥም።

ጠበል ልሂድ? ዱዓስ ላስደርግ?

ሂዱ፣ አስደርጉም። መስከረም 21 ግሸን መውጣትም ሆነ ሼሁ ዘንድ መሄድ ለልብ ያለውን ጥንካሬ የሚክድ የለም። ቀጠሮው ብቻ አይለፍ፤ ኪኒኑም አይቋረጥ። እብጠቱ ላይ ቅጠል መለጠፍ፣ መተኮስ፣ መብጣት ግን ይቅር። ቆዳውን ያቆስለዋል፣ ቀዶ ሕክምናውንም ያከብደዋል።

ውጤቱ ካንሰር ነው ተባልኩ። ሐኪሙን ምን ልጠይቀው?

ከሁሉ በፊት «የሆርሞን መቀበያ አለው ወይ?» በሉት። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተመረመሩት የጡት ካንሰሮች ከግማሽ በላይ መቀበያ ያላቸው ናቸው። እንደዚያ ከሆነ ታሞክሲፌን የሚባለው ርካሽ ኪኒን ይሠራል፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው። ይኸው ኪኒን ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው ጤነኛ ሴቶች ላይ ሲሞከር እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ውጤት አደጋውን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ምርመራው ደሴ ላይ ካልተሠራ ናሙናው የት እንደሚላክ፣ ማን እንደሚያደርሰው፣ መቼ እንደሚመለስ እዚያው ጠይቁ።

ከዚያ ስንተኛ ደረጃ እንደሆነ፣ ቀዶ ሕክምና ይቀድም ወይስ ኬሞ፣ ጨረር ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ጨረር ለማግኘት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ መላክ ከመጣ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማረፊያና አብሮ የሚሄድ ሰው ከአሁኑ ይታሰብ። የምታጠቡ ከሆነ በሽታው ወደ ልጁ አይተላለፍም፤ ኬሞ ሲጀመር ግን ማጥባቱ ይቆማል። ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ከሆነ ኬሞው ሳይጀመር ተናገሩ።

ብቻችሁን አትግቡ። ድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ግማሹን አይሰማም፤ እህት ወይም ልጅ ይዛችሁ ግቡና እሷ ትጻፍ። የፓቶሎጂውን (የናሙና ምርመራውን) ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ለሁለት ሰው ላኩ። ዋናውን ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ፣ በሄዳችሁበት ሆስፒታል ሁሉ ይዛችሁት ሂዱ።